አባ መፍቻ መጽሐፉን ሊጠይቅ ወደ አራተኛው ፎቅ እንደ ዘመተ

ሊፍቱ በቆመ በሦስተኛው ዓመት፣ የሕንፃው ኮሚቴ «በሚቀጥለው ሳምንት ይሠራል» ብሎ ባወጀ በሠላሳ አንደኛው ሳምንት፣ የሚያንጠባጥበውን ዝም የሚያሰኝ፣ የታፈነውን የሚያስተነፍስ፣ ጎርፍ ሲመጣ የማይሸሽ፣ ሒሳብ ሲጠየቅ ግን «ኋላ እንተያያለን» ብሎ የሚሸሽ፣ የቧንቧ ሠሪዎች ሁሉ አለቃ፣ ፈረስ ባይኖረውም በፈረስ ስሙ አባ መፍቻ የተባለው፣ በምድር ቤቱ ከሚስቱ ጋር በሰላም ተቀምጦ ሳለ፣ ዕድሜውም አርባ ዘጠኝ በሆነ ጊዜ፣ ይህ ነገር ሆነ።

በውእቱ መዋዕል በአራተኛው ፎቅ አንዲት ሠዓሊት ትኖር ነበር፤ የሠፈሩን ሠራተኞች እየዞረች፣ ጋጋሪዋን ከምድጃዋ፣ ሰፊዋን ከመኪናዋ፣ ዘበኛውንም ከእንቅልፉ ጋር ትሥል ነበር። አባ መፍቻንም ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ከዕቃ ማጠቢያዋ ሥር አንበርክካ፣ «እንደዚያው ይቆዩልኝ ጋሼ» እያለች፣ ጉልበቱ ምሕረት እስኪለምን ድረስ ሣለችው፤ እርሱም ማጉረምረሙን ለጉልበቱ ትቶ ራሱ ዝም አለ። ሥዕሎቹም በበዙ ጊዜ መጽሐፍ ልታደርጋቸው ወደደች፤ አሳታሚዎች ግን «ቧንቧ ሠሪ ማን ያነባል?» ብለው ፊታቸውን አዞሩባት። ስለዚህ በኢንተርኔት የመዋጮ ገጽ ከፍታ እንዲህ ስትል አዋጅ አስነገረች፦ «ጎረቤቶቼ፣ ለማሳተም አቅም አጣሁ። የቻላችሁትን አዋጡ። ያዋጣ ሁሉ መጽሐፉን በፊርማዬ ያገኛል፤ የሚታተመውም ላዋጡት ልክ ብቻ ነው።»

አባ መፍቻም አዋጁን በሰማ ጊዜ ከሠፈሩ ሁሉ ቀድሞ፣ መነጽሩን በግንባሩ ሰቅሎ እየፈለገው፣ ስልኩን አንሥቶ አዋጣ። ገጹም «ምን ስጦታ ይፈልጋሉ?» ሲል ጠየቀው። ወእምዝ፣ ጎርፍ ያልጣለውን ሰው ይሉኝታ ጣለው። እርሱ ባደገበት ቤት፣ ሰው «እንካ» ሲባል መጀመሪያ «አይ፣ ይቅር» ይላል፤ ሰጪው «በሞቴ» ይላል፤ ተቀባዩ «ኧረ በቃኝ» ይላል፤ ሰጪው «እኔ ልሙት» ይላል፤ ሦስተኛው ላይ፣ እንደ ተገደደ ሆኖ ይቀበላል። ስለዚህ አባ መፍቻ «ምንም ስጦታ አልፈልግም» የሚለውን ነክቶ፣ «በሞቴ» እስኪባል በትዕግሥት ተቀመጠ። ገጹ ግን «እናመሰግናለን» ብሎ ተዘጋ። እርሱም ምናልባት እያሰበበት ይሆናል ብሎ፣ የስልኩ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሲመለከት ቆየ።

በስምንተኛው ወር መጽሐፉ ታትሞ ወጣ። የተቀበሉትም እነዚህ ናቸው፦ ክንደ ብርቱዋ ዳቦ ጋጋሪ፤ ከመርፌዋ ምላሷ የሚፈጥን ልብስ ሰፊዋ፤ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር፣ ደረጃውን ሲወጡ እየቆጠሩ፣ ሲወርዱም ቁጥሩ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጡ፤ ዘበኛውም፣ በር ሲከፍት እንኳ መጽሐፉን ከብብቱ የማያወጣ። ሁሉም ወደ አባ መፍቻ እየመጡ «ገጽ ሃያ ሦስት ላይ አለህ እኮ!» ባሉት ጊዜ «አይቼዋለሁ፣ አይቼዋለሁ» አላቸው፤ አላየም። አይቻለሁ ካለ በኋላ ደግሞ ከሰው ተውሶ ማየት አይሆንለትም፤ በገበያም የለም።

ከዚህ ይልቅ የከፋው ግን ሌላ ነበር። ቀድሞ ከደረጃው አፋፍ «ጋሼ! ጉልበትዎ እንዴት ዋለ?» ብላ የምትጮህለት ሠዓሊት፣ አሁን ሲገናኙ አንገቷን ደፍታ፣ ግድግዳውን ታክካ ታልፈው ጀመር። እርሱም የልጅ ያህል ይወዳት ነበርና በልቡ «ረሳችኝ» አለ፤ ምሳውንም ሳይጨርስ የሚነሣበት ቀን በዛ።

ወበእማንቱ ዕለታት በሕንፃው ታላቅ ሁከት ሆነ፤ ምክንያቱም የዳቦ ጋጋሪዋ መጽሐፍ ሽፋኑ ታጥፎ መድረሱ ነበር። እርሷም በደረጃው ላይ ቆማ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ከፍዬ ነው የገዛሁት፤ ይቀየርልኝ! እኔ የተጨፈለቀ ዳቦ ለማን ሸጬ አውቃለሁ?» መምህሩም በበኩላቸው፦ «ለጥበብ የሰጠነው ምጽዋት ነው። መጽዋች መልስ አይጠብቅም፣ ሽፋንም አያማርጥም።» ሕንፃውም ለሁለት ተከፈለ፤ ወገነ ሸመታ ከጋጋሪዋ ኋላ፣ ወገነ ምጽዋት ከመምህሩ ኋላ ተሰለፉ። ሰፊዋ ጠዋት ከአንዱ፣ ከሰዓት ከሌላው ነበረች። በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች «እርሱ እስካሁን አፉን አልከፈተም፤ ይዳኘን» ብለው ጉዳዩን ወደ አባ መፍቻ አመጡት።

እርሱ ግን በሁለት በኩል የታሰረ ሰው ነበር፤ ምጽዋት ነው ብሎ ቢፈርድ ለዘላለም ዝም ሊል ነው፤ ሸመታ ነው ቢል ደግሞ፣ በገዛ ጣቱ ምንም ያልገዛ ሸማች ሊሆን ነው። ምስጢሩን ብቻዋን የምታውቀው ሚስቱም በቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንዲህ ስትል የክተት አዋጅ አወጀችበት፦ «አንተ ሰውዬ፣ ስምንት ወር ሙሉ ስልክ ስታይ፣ ይኸው ደግሞ ኮርኒስ ማየት ጀመርክ። ወይ ሄደህ ጠይቃት፣ ወይ እኔ ሄጄ እጠይቃታለሁ፤ እኔ ከሄድኩ ደግሞ ታውቀኛለህ።»

ያውቃታል። ስለዚህ ትልቁን መፍቻ፣ ትንሹን መፍቻ፣ ነጩን የክር መጠቅለያ ፕላስቲክ፣ ጎማ ቀለበቶቹንና የእጅ ባትሪውን በሣጥኑ ጭኖ ዘመተ። በአንደኛው ፎቅ ዘበኛው ተከተለው፤ በሁለተኛው ሰፊዋ ሜትሯን በአንገቷ እንዳንጠለጠለች ወጣች፤ በሦስተኛው ጋጋሪዋና መምህሩ እየተጨቃጨቁ ተቀላቀሉት። እርሱም ለሠራዊቱ «ቧንቧ ልፈትሽ ነው፤ እዚህ ቆዩ» ሲል አውጆ፣ የቀረውን ደረጃ ጉልበቱን በእጁ እየገፋ ብቻውን ወጣ።

ሠዓሊቷም በሩን ከፍታ ባየችው ጊዜ ፊቷ ልውጥ አለ። «የውኃው ግፊት ልክ አይደለም ሲሉ ሰምቼ ነው» አላት፤ ማንም አላለም። ከማጠቢያው ሥር ገብቶም ደኅናውን ቧንቧ ፈታ፣ አሰረ፣ ደግሞ ፈታ። እርሷም ከኋላው ቆማ እንዲህ አለች፦ «ጋሼ፣ ሆድዎን አግንኜ ሥዬ አስቀይሜዎት እንደሆነ ይቅር ይበሉኝ። ንድፉን የመዋጮው ገጽ ላይ ለጥፌው ነበር። አዋጥተው ሲያበቁ ምንም አልፈልግም ሲሉ፣ ሥዕሉን ጠሉት፣ እኔንም ጠሉኝ አልኩ። ለማየትም አፈርኩ።»

አባ መፍቻ ንድፉን አላየም፤ ገጹ ወደ ታች እንደሚወርድም አያውቅም ነበር። ከድንጋጤው የተነሣ ራሱን ከማጠቢያው ጋር አጋጭቶ ወጣ፤ «ኧረ በፍጹም! ማን ተቀየመ?» አለ። እርሷም ፊቷ በርቶ ከመደርደሪያዋ መጽሐፉን አምጥታ «እንግዲያው ይውሰዱት» ስትል ዘረጋችለት። ድል በክንድ ርቀት ቆመ። ነገር ግን አርባ ዘጠኝ ዓመት የሠለጠነ ምላስ ከልብ ይቀድማልና «አይ፣ ምን በወጣሽ! ይቅር» አለ። እርሷ ደግሞ ያለ ፈቃዱ ሰውን ማስጨነቅ የማትወድ ነበረችና «እሺ ጋሼ፣ አላስገድድዎትም» ብላ አንገቷን ደፍታ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው መለሰችው።

ወእምዝ አባ መፍቻ ሣጥኑን አንሥቶ አፈገፈገ። ሠራዊቱም በሦስተኛው ፎቅ ፊቱን አይተው መንገድ ለቀቁለት፤ ሰፊዋ እንኳ ነገር ሳትጨምር ሜትሯን ጠቀለለች፤ ይህም ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም። እርሱም በዚያ ስፍራ፣ ግፊቱ በደከመ ቧንቧ አንድ ባልዲ እስኪሞላ ያህል ቆመ። አሁን ከወረደ፣ ያቺ ልጅ ግድግዳ እየታከከች ስታልፈው መኖሯ ነው። ሣጥኑን ለመምህሩ አስይዞ ተመለሰ። በሩን ሦስት ጊዜ መታ፤ በተከፈተም ጊዜ፣ ደረጃው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ በዘመኑ ሁሉ ከአፉ ወጥቶ የማያውቀውን ቃል አወጀ፦ «ልጄ፣ መጽሐፉን እፈልጋለሁ። ከነሆዱ!»

ሠዓሊቷም ሳቀች፣ ዕንባዋም መጣ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሙን ጽፋ፣ ፈርማ፣ በሁለት እጇ ሰጠችው። ወኮነ ዐቢይ ፍሥሐ። በቁልቁለቱም ሁለቱ ወገኖች ፍርዳቸውን በጠየቁት ጊዜ እንዲህ ሲል በየነ፦ «ጎረቤት ስትወልድ ስጦታ ይዘህ ትሄዳለህ። ሕፃኑን ገዛሁት አትልም፤ አፍንጫው አላማረኝም፣ ቀይሩልኝም አትልም። ግን ሳያሳዩህ ቢመልሱህ ትቀየማለህ። በቃ፣ ይኸው ነው።» ጋጋሪዋም መጽሐፏን በከባድ ትሪ ሥር አድርጋ ሽፋኑን ልታቃና ሄደች፤ መምህሩም «ሦስተኛ መልስ እንዳለው አላሰብኩም» ብለው የቀረውን ደረጃ ሳይቆጥሩ ወረዱ።

ሚስቱም ገጽ ሃያ ሦስትን ገልጣ፣ ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ አንዴ ሥዕሉን አንዴ ባሏን እያየች ብዙ ከመረመረች በኋላ የመጨረሻውን አዋጅ አወጀች፦ «እንዲያውም ቀንሳልሃለች።»

ስለዚህ ለአባ መፍቻ፣ የጎርፍ ጌታ፣ የዝገት ጠላት፣ ይሉኝታን በገዛ ደጃፉ ድል ለነሣው ክብር ይገባዋል። በዚያ ደረጃ ሊፍቱ ከቆመ ጀምሮ ብዙዎች ወጥተዋል፣ ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ወርደዋል፤ ከመንገድ ተመልሶ በሚታመም ጉልበት ሁለተኛ የወጣ ግን ከእርሱ በቀር አልተነሣም።