የእትዬ ዘርፈሽ ሰባት እርምጃ

ገበያ ባለበት ሁሉ ሳይዞር የማይገዛ ሰው አለ። ጎሬ ብትወጡ ታገኙታላችሁ፤ ያዮ ብትወርዱም አታጡትም። የመጀመሪያው ሽንኩርት የቱንም ያህል ቢያምር፣ የመጨረሻውን ሽንኩርት ሳያይ ኪሱን አይነካም። ለመቱ ገበያ የተሰጡት እትዬ ዘርፈሽ ናቸው። ይህን ከልጃቸው ባል ከፋሲል በላይ የሚያውቅ የለም። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ዘንቢላቸውን ተሸክሞ ከኋላቸው ዞሯል። ሲያገባ እንዲህ ያለ ነገር መፈረሙን ግን አያስታውስም።

ዙሩ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ እህል ተራ ይኬዳል፤ ምንም አይገዛም። ቀጥሎ ቅቤ ተራ፤ የኮባ ቅጠሉ ተገልጦ ቅቤው ይሸተታል፣ ይመሰገናል፣ ተመልሶ ይሸፈናል፤ ምንም አይገዛም። ከዚያ ቡና ነው። እዚያ አንድ ፍሬ በጥርስ ይሰበራል።

"ይሄማ መሬት ላይ የተሰጣ ነው" ይላሉ።

"ኧረ ማድረቂያ አልጋ ላይ ነው የደረቀው፣ እትዬ!"

"አልጋውንስ ማን አነጠፈለት?"

ገበያው ተዙሮ ሲያልቅ እትዬ ዘርፈሽ ወደ መጀመሪያዋ ሻጭ ይመለሳሉ። ሁልጊዜ ወደ መጀመሪያዋ ነው። ክርክሩ የሚጀመረው ያኔ ነው፤ እሱም ደረጃ አለው። ዋጋው ሲነገራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ቀጥሎ "በዚህ ዋጋማ መሬት እገዛበታለሁ" ይላሉ። በመጨረሻ ጥለው ይሄዳሉ። ፋሲል ቆጥሮታል፤ ሰባት እርምጃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰባተኛው ላይ "ይምጡ ይውሰዱ!" የሚል ድምፅ ይከተላቸዋል። ካልተከተላቸው፣ ስምንተኛው ላይ ጫማቸው ውስጥ ጠጠር ይገባል። ጠጠሩን ሲያራግፉ ሻጯ ለመጥራት በቂ ጊዜ ታገኛለች።

በዚያ ቅዳሜ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። የፋሲል ወገብ ገና እህል ተራ ላይ እያለ መናገር ጀምሯል። ማር ተራን ዞረው ጨርሰዋል፤ የቀረው አንድ ኪሎ ማር መግዛት፣ ከዚያም ሽንኩርት ነበር። እትዬ ዘርፈሽ ቡና ተራ ከአንዱ ጋር ሲሟገቱ፣ ስልክ የተደወለለት መስሎ ወደ ማር ተራ ቀደመ።

የማር ተራዋ የመጀመሪያ ሻጭ ዓያንቱ ሁለት ባልዲ ማር ይዛ ተቀምጣለች። ከያዮ ጫካ አባቷ የቆረጠው ማር ነው፤ ከስምንት ሰዓቱ መኪና በፊት ሸጣ የልጇን ዩኒፎርም ገዝታ መመለስ አለባት። አጠገቧ አንድ ማር ሰብሳቢ ነጋዴ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። የገበሬ ማር ሳይሸጥ ሲውል በርካሽ የሚያነሳው እሱ ነው።

"ዓያንቱ፣ እባክሽ" አለ ፋሲል ዝቅ ብሎ። "ዛሬ እትዬ የሰጡሽን ዋጋ ዝም ብለሽ ተቀበዪ። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ።"

"ደከመህ እንዴ?" ብላ ሳቀች።

"ሰባት ዓመቴ ነው።"

እትዬ ዘርፈሽ ደረሱ። ማሩን በስንጥር ጠቅሰው አነሱ።

"ስንት ነው?"

"አምስት መቶ።"

"ሦስት መቶ።"

"ቶሌ፣ እሺ፣ ይውሰዱ።"

ስንጥሩ አፋቸው ሳይደርስ ቆመ። እትዬ ዘርፈሽ ማሩን አዩ፣ ዓያንቱን አዩ፣ እንደገና ማሩን አዩ።

"ስንት ኪሎ ስኳር ገባበት?" አሉና ስንጥሩን መልሰው ሄዱ።

ፋሲል ቆጠረ። ሰባት። ስምንት። ጠጠር አልገባም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ገበያ ለመዞር ጊዜ የሌላቸው ሴቶች እትዬ ዘርፈሽ የቆሙበትን አይተው ይገዛሉ። ጥለው ከሄዱ ደግሞ ማንም አይጠጋም። ዓያንቱ ፊት ቆመው የነበሩት አራት ሴቶች አንድ በአንድ ሄዱ። "ዘርፈሽ ማሩን ሳይቀምሱ መለሱት" የሚለው ወሬ ከእነሱ ቀድሞ ሽንኩርት ተራ ደረሰ። ነጋዴው መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ከጀሪካኑ ተነሳ።

"ሁለቱንም ባልዲ ኪሎውን በሁለት መቶ ላንሳልሽ፣ እህቴ? መኪናው እንዳያመልጥሽ ብዬ ነው።"

ዓያንቱ ፋሲልን አየችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ፋሲል እትዬ ዘርፈሽን ሽንኩርት ተራ ላይ ደረሰባቸው።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ። እሺ በያቸው ያልኳት እኔ ነኝ። ማሩ ምንም የለበትም። ደክሞኝ ነው።"

እትዬ ዘርፈሽ ያነሱትን ሽንኩርት መልሰው አስቀመጡ።

"የሰው ማር ስም አጠፋህ።"

"አውቃለሁ።"

"ያጠፋኸውስ በእኔ አፍ ነው። ደክሞህ ከነበረ ደከመኝ አትልም? ሰባት ዓመት ሙሉ አፍ አልነበረህም?"

ዞሩና በጭቃው መሀል ቀጥ ብለው ሄዱ። ቅቤውን አላዩም፣ ቡናውን አላዩም። ፋሲል በዚያ ገበያ ቀጥ ብለው ሲሄዱ ሲያያቸው የመጀመሪያው ነበር። ዓያንቱ ፊት ቆመው ስንጥሩን አነሱ፣ ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ እህል ተራ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጠየቁ።

"ስንት አልሽ?"

ዓያንቱ አንዴ አየቻቸውና ገባት።

"ስድስት መቶ!"

"ስድስት መቶ? ንቧ ዲግሪ አላት እንዴ?"

"የያዮ ጫካ ንብ ናት፣ አዴ ዘርፈሽ! ማስተርስ ይዛለች!"

አንዷ ሴት ሳቀች፤ ሌላዋ ቆመች። እጅ ደረት ላይ ተደረገ። መሬት የሚገዛበት ዋጋ ተነሳ። እትዬ ዘርፈሽ "ማሩስ ማር ነው፣ ዋጋው ነው እንጂ የሚኮመጥጠው!" ብለው ጥለው ሄዱ። ሰባተኛው እርምጃ ላይ "አዴ ዘርፈሽ፣ ይመለሱ!" የሚል ጥሪ መጣ። በአራት መቶ ሃምሳ ተስማሙ። አንድ ኪሎ ሊገዙ የመጡት ሴትዮ ሦስት ኪሎ አስመዘኑ። ሲዞሩ ከኋላቸው ሰልፍ ነበር። ነጋዴው መፋቂያውን አፉ ውስጥ መልሶ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠ።

ዓያንቱ ባዶ ባልዲዎቿን ደራርባ፣ በሌላ እጇ ዩኒፎርሙን ይዛ ወደ መናኸሪያ ስትሮጥ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። እትዬ ዘርፈሽ የዘንቢሉን አንድ ጆሮ ከፋሲል እጅ ወሰዱ።

"የቀረን ሽንኩርት ብቻ ነው" አሉ። ድምፃቸው ደክሟል። የመጀመሪያዋ ሻጭ ፊት ቆሙ። "በቃ፣ ከዚህችው እንግዛና እንሂድ። አንተም ወገብህን አሳርፍ።"

ሽንኩርቱ ቀይ ነው፣ ደረቅ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ፋሲል አንዱን አንስቶ አገላበጠው። ቀና ብሎ ተራው እስከሚያልቅበት ድረስ ተመለከተ።

"ሳንዞር?" አለ።