በመስታወት ቤት ያደሩ ሽማግሌዎች

አዲስ አበባ ላይ አልጋ መምረጥ ሚስት ከመምረጥ ይከብዳል። ለሚስት ዘመድ ይጠየቃል፣ ጎረቤት ይጠናል፤ አልጋ ግን የሚመረጠው ስልክ ላይ ባለ ፎቶ ነው። ፎቶ ደግሞ አይሸትም፣ አይንቋቋም። እኔ ከሸዋ ሮቢት ስመጣ ሃያ ዓመት ሙሉ የማርፈው አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካለች አልጋ ቤት ነው። ፍራሿ መሐሉ ከመጎድጎዱ የተነሣ ጠዋት የምወጣው በመሰላል ነው። ሽንት ቤቷም ግቢው ጥግ ነው። ግን የሳንቃ መዝጊያ አለው። ይችን መዝጊያ አደራ እንዳትረሷት።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ ሰለሞን አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ወደደና እኔንና ጋሽ ኃይሉን ሽማግሌ አድርጎ ላከን። ጋሽ ኃይሉ እዚያው ሸዋ ሮቢት አጠገብ የቀወት ገበሬ ናቸው፤ ንግግር ሲጀምሩ የተዘራ ማሾ ንግግሩ ሳያልቅ ይደርሳል።

«ጋሼ፣ አባቷ ክብር ይወዳሉ፤ የት አደራችሁ ማለታቸው አይቀርም» አለኝ ሰለሞን። «አልጋ ቤት ካላችኋቸው ልጅቷን አጣኋት።»

ስለዚህ ዲዛይኑ ልዩ ነው የተባለ ሆቴል ያዘልን። ገባን። ግድግዳው ያልተለሰነ ሲሚንቶ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለው ቤቴ አቅም አንሶኝ አሥር ዓመት እንዲሁ ቆሟል፤ ለካ ዲዛይን ኖሯል። ከአልጋዎቹ በላይ ቀንበር ተሰቅሏል። ጋሽ ኃይሉ አንጋጠው አዩትና «በሬዎቹን የት አሰሯቸው?» አሉ።

ከዚያ ሽንት ቤቱን አየን። አየን ስላችሁ፣ ከአልጋ ሳንነሣ። በእኛና በመቀመጫው መካከል ያለው ጥርት ያለ መስታወት ብቻ ነው። እንግዳ ተቀባይዋን መጋረጃው የት እንደሄደ ብጠይቃት «አባባ፣ ዲዛይኑ እኮ ነው» አለችኝ። ጋሽ ኃይሉ «የስድሳ ዓመት ክብሬንማ እዚህ አልጥልም» ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

አንዳችሁ ወጣ አትሉም ነበር? ትሉኛላችሁ። ኮሪደር ላይ ቆሜ ጋሽ ኃይሉ የት እንዳሉ ለአላፊ አግዳሚው ላውጅ? ምድር ቤት ያሉት ሁለት የሽንት ቤት በሮች ደግሞ ጽሑፍ የላቸውም፤ አንዱ ላይ ክብ፣ አንዱ ላይ ሦስት ማዕዘን ተሥሏል። ወንዱ የትኛው ነው? ተሳስተን ሴቶቹ ዘንድ ብንገባ ሽምግልናው እዚያው አበቃ። ቻልነው።

በማግስቱ ልጅቷ ቤት ደረስን። እንደ ወጉ ሽማግሌ ጉዳዩን የሚናገረው ቆሞ ነው፤ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ውኃም አይቀምስም። ከሰባት ቤት ትውልድ የሚጀምሩት ጋሽ ኃይሉ ያን ዕለት በአዲስ አበባ ብርድ ላብ አጥምቋቸው ቆሙ።

«ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን። ይኸው ነው» አሉ።

አባትየው ከእግር እስከ ራሳችን አዩን። አለቀልን፣ ሰለሞን ልጅቷን አጣት አልኩ በሆዴ። ሲሆን ሲሆን እንኳ ቀጠሮ ተሰጥቶን በሳምንት መመለሳችን ነው።

«ስንት ሽማግሌ እዚህ ቆሞ አሰልችቶኛል» አሉ አባትየው። «ነገር የማያንዛዛ ሰው ገና ዛሬ አየሁ። ሰጥቻለሁ፤ ተቀመጡ።»

ጋሽ ኃይሉ አልተቀመጡም። «በቅድሚያ ሽንት ቤቱን ያሳዩኝ» አሉ።

የሃያ ዓመት ወጣት መስለው ተመለሱና በጆሮዬ «መዝጊያ አለው» አሉኝ። እኔም ተራዬን ሄጄ አረጋገጥኩ።

ከምሳ በኋላ አባትየው የት እንዳደርን ጠየቁን። የሆቴሉን ስም ደረቴን ነፍቼ ነገርኳቸው።

«ጎሽ» አሉ። «እንግዲያው ለሠርጉ ከሸዋ ሮቢት የሚመጣውን ሰው በሙሉ እዚያው አሳርፋለሁ።»

ጋሽ ኃይሉ የሠርግ ስጦታቸውን ከወዲሁ ካራቆሬ ገበያ ድረስ ሄደው ገዝተዋል። አንድ ጣቃ የመጋረጃ ጨርቅ።