አስናቀ ከግፊያ ያመለጠበት ምሽት

አስናቀ፦ በር የተሠራው ለምንድን ነው?

ክንዱ፦ ለመውጫ ነዋ፣ ጋሼ።

አስናቀ፦ ተሳሳትህ! በር የተሠራው ለመግቢያ ነው። ቀን ሙሉ አንድ በአንድ የገባ ሕዝብ ማታ ሁሉም ባንድ ጊዜ ልውጣ ሲል ያ በር፣ በር መሆኑ ይቀራል። ማነቆ ይሆናል።

ክንዱ፦ ታዲያ ቀስ ብለን ብንወጣስ?

አስናቀ፦ ቀስ ብለን? መሐል ከገባህ በኋላ እግርህ የራስህ መሰለህ? አምና አንዱ ሰውዬ ጫማው በሩ ላይ ቀርቶ እሱን ገፍተው ገፍተው አውቶቡስ ውስጥ ከተቱት።

ክንዱ፦ አውቶቡስ ከገባማ ምን ጎደለበት?

አስናቀ፦ ጫማው!

ክንዱ፦ ጫማውን ይዞ በእግሩ ከሚሄድ...

አስናቀ፦ ተወው። ላንተ ማስረዳት ድካም ነው።

(ክርክሩ የሚካሄደው ባሕር ዳር፣ ለአብዮት በዓል ተብሎ ጣና ዳር በቆርቆሮ በታጠረው ባዛር ውስጥ ነው። ወዲያ ተሽከርካሪው የእንጨት ፈረስ ልጆች ጭኖ ይዞራል፣ የኪነት ቡድኑ ይዘፍናል፣ ቶምቦላ ይወጣል። ሁለቱ ሰዎች ግን ከዚያ ሁሉ መብራት ሸሽተው ከባዛሩ መጋዘን ጀርባ ጨለማ ውስጥ ቆመዋል። አስናቀ የፋብሪካ ጸሐፊ ነው። የማያውቀው ነገር የለም፤ ካለም የሚያውቀውን ሰው አያስጨርሰውም። ክንዱ የሚስቱ የጽጌ ወንድም ነው። ከደቅ ደሴት መጥቶ እዚያው ፋብሪካ ጥጥ ይሸከማል። ነገር አይገባውም ይባላል፤ ባዩ ግን አስናቀ ብቻ ነው።)

ክንዱ፦ ጋሼ፣ እኅቴ ያለችውን ግን አልረሱትም?

አስናቀ፦ አልረሳሁም።

ክንዱ፦ «ዛሬም ከሰዓት እላፊ በፊት ካልገባ፣ ጠዋት ከእማየ ጋር በጀልባ ደቅ እሄዳለሁ፤ አልመለስም» ብላለች። እማየም ጓዟን ጠቅልላለች። የጽጌን ልብስ ጨምራ ነው የጠቀለለችው።

አስናቀ፦ አልረሳሁም አልሁህ እኮ! በጓሮ የምንወጣው ለምን ሆነና? የመዝጊያው ንግግር ሳይጀመር፣ ሕዝቡ በሩ ላይ ሳይወድቅ፣ እኔ ሹም አቦ ሰፈር ቤቴ ገብቼ እግሬን ታጥቤ ተቀምጫለሁ። አማቴ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስም አፋቸውን ይዘው ወደ ደሴታቸው ይሄዳሉ።

ክንዱ፦ በላብ አደሮች ቀንም ግፊያ ልሽሽ ብለው ጭነት መኪና ላይ ወጡና ወረታ አደሩ።

አስናቀ፦ የተሳሳተው መኪናው ነው።

ክንዱ፦ በጥምቀትም በአቋራጭ ብለው ቀበሌ ታስረው አደሩ።

አስናቀ፦ መንገዱ ልክ ነበር፤ ያጠረው ሰዓቱ ነው። አሁን ዝም በልና እይ። ይህችን ቆርቆሮ ከትናንት ጀምሮ አጥንቻታለሁ። ምስማሯ ወልቋል። እዚህ ቀዳዳ መኖሩን እኔና ፈጣሪ ብቻ ነን የምናውቀው።

(የላላውን ቆርቆሮ ፈልቀቅ ያደርጋል። ራሱን በቀዳዳው ያወጣል። ካወጣበት ፍጥነት ባየለ ፍጥነት ያስገባል።)

አስናቀ፦ ክንዱ።

ክንዱ፦ አቤት ጋሼ።

አስናቀ፦ ውጭ፣ መንገዳችን ላይ፣ ትልቅ ድንጋይ አለ።

ክንዱ፦ እንለፈዋ።

አስናቀ፦ ያኝካል።

(ክንዱ በተራው ራሱን ያወጣል። ተዝናንቶ ይመለሳል።)

ክንዱ፦ ጉማሬ ነው ጋሼ። ሲመሽ ከውሃ ወጥቶ ሣር ይግጣል። ካልደረሱበት አይደርስብዎትም።

አስናቀ፦ መቼ ይጨርሳል?

ክንዱ፦ ሲጠግብ ነዋ።

አስናቀ፦ መቼ ነው የሚጠግበው?

ክንዱ፦ ኧረ እኔ ምኑን አውቄው! ያደግሁት ከጉማሬ ጋር ነው፣ ጠግቦ ግን አይቼ አላውቅም። ካልሆነ በዋናው በር...

አስናቀ፦ ክንዱ! እኔ ያወጣሁትን ዕቅድ አንድ ጉማሬ አያፈርሰውም። እስኪሄድ እንጠብቃለን። ከኋላዬ ቁም፣ ድምፅህን አጥፋ።

(አንዱ ካንዱ ኋላ ጸጥ ብለው ይቆማሉ። አስናቀ ያልገመተው አንድ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ሁለት ሰው መጋዘን አጠገብ ተከታትሎ ዝም ብሎ ከቆመ፣ ያ መቆም አይባልም፣ ሰልፍ ነው። ሰልፍ ያየ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ተራ ይይዛል፤ ምን እንደሚሰጥ የሚጠይቀው ከያዘ በኋላ ነው። ጨርቅ ነጋዴዋ መዲና ዘንቢሏን አንጠልጥላ ስታልፍ ታያቸዋለች።)

መዲና፦ ወንድሜ፣ እዚህ ምን ሊሰጥ ነው?

አስናቀ፦ ምንም።

መዲና፦ (ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ከክንዱ ኋላ እየቆመች) ምንም ከሆነማ ጥሩ ነገር ነው ማለት ነው።

አስናቀ፦ እመቤቴ፣ ምንም የለም ነው የምልሽ!

መዲና፦ ባለፈው ኅብረት ሱቁ በር ላይ «ምንም የለም» ብሎ የመለሰኝ ሰውዬ በጋቢው ውስጥ ሳሙና ታቅፎ ነበር። ወላሂ ንቅንቅ አልልም! እስቲ አንተ ንገረኝ ልጄ፣ ምን እየጠበቃችሁ ነው?

ክንዱ፦ ጉማሬ።

መዲና፦ ይኸው! ይቀልዱብኛል! እንግዲያ ትልቅ ነገር ነው።

(አስናቀ በልቡ ያሰላል። ቀዳዳው ከታወቀ ሕዝቡ ሁሉ ይጎርፍበታል። ከመዝጊያ ንግግር መኮብለሉ ከታወቀ ደግሞ ነገ ቀበሌ ተጠርቶ ሲጠየቅ ይውላል። እንዲህ ሲጨንቀው ብልጠቱ ይመጣል፤ ሁልጊዜም ጉድ የምትሠራው ይህችው ብልጠቱ ናት።)

አስናቀ፦ (በሹክሹክታ) እሺ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ስኳር ነው። ግን ለፋብሪካ ሠራተኛ ብቻ ስለሆነ አንቺን አይመለከትም። በይ ሂጂ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ።

መዲና፦ ለማን ብዬ እነግራለሁ? (ዘወር ብላ በሙሉ ድምፅ) ዘይነት! ኧረ ዘይነት! ልጆቹን ሰብስቢና ነይ፣ ስኳር ነው!

(ጎረቤቷ ዘይነት ልጆቹን አስከትላ ትመጣለች። ዘይነት ስትሮጥ ያየ ይመጣል። እሱን ያየም ይመጣል። ተሽከርካሪው ፈረስ ባዶውን ይዞራል።)

ክንዱ፦ ጋሼ፣ ስኳር አለ እንዴ?

አስናቀ፦ የለም፣ አንተ ሞኝ! ሰው እንዲሄድልን ብዬ ነው።

ክንዱ፦ እየመጣ ነው እኮ።

አስናቀ፦ ሊሄድ ሲል ነው የሚመጣው። አንተ የሕዝብን ጠባይ አታውቅም።

መዲና፦ ላንድ ሰው ሁለት ኪሎ ነው አሉ።

አስናቀ፦ ማን አለ?

መዲና፦ ከኋላ ያሉት። ሳሙናም አለበት አሉ። ደግሞ ከሰሊጥ ዘይት ጋር ነው የሚሉም አሉ፤ እሱን እንኳ እኔ አላምንም፣ ማጋነን ነው።

አስናቀ፦ ክንዱ፣ ሩጥ! ዋናው በር ምን እንደሚመስል አይተህ ና።

(ክንዱ ይሄዳል። ቀስ ብሎ እየተንጎማለለ ይመለሳል።)

አስናቀ፦ እህሳ? በሩ ላይ ግፊያው እንዴት ነው?

ክንዱ፦ የማን ግፊያ?

አስናቀ፦ የሕዝቡ ነዋ!

ክንዱ፦ ሕዝቡማ እዚህ ነው ያለው ጋሼ። እዚያ ዘበኛው ብቻውን ቆሞ ያዛጋል። አውቶቡሱም ባዶውን በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ሹፌሩ «ሰው ምን ዋጠው?» ቢለኝ አላወቅሁም አልሁት። ልቀመጥ አልሁና ደግሞ እርስዎ ቆመው እኔ ብቀመጥ ነውር ነው ብዬ መጣሁ።

አስናቀ፦ በል እንሂድ! ቶሎ በል!

(አንድ እግሩን ሳያነሣ መዲና የኮቱን ጫፍ ትይዛለች።)

መዲና፦ ወዴት ወዴት? የመጀመሪያው ሰው ወዴት ነው የሚሄደው?

አስናቀ፦ ተራዬን ላንቺ ሰጥቼሻለሁ፣ ተባረኪበት።

መዲና፦ በዚህ ዘመን ስኳር ትቶ የሚሄድ ሰው አለ? እናንተ! ይኸ ሰውዬ በጓሮ ሊያወጣው ነው! አሻጥር ነው!

(«አሻጥር!» የሚለው ቃል ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ይደርሳል። ከኋላ አንዱ «ኮሚቴ ይቋቋም!» ይላል። በዚያ ዘመን ሕዝብ አንዴ ከተሰበሰበ ሊቀመንበር ሳይመርጥ አይበተንም። እጅ ይወጣል። አስናቀ የሰልፉ ሊቀመንበር ሆኖ በሙሉ ድምፅ ይመረጣል።)

አስናቀ፦ አንተ ደግሞ ምን አስበህ ነው እጅህን ያወጣኸው?

ክንዱ፦ ሁሉም ሲያወጣ የሚስትዎ ወንድም ባላወጣ ሰው ምን ይላል ብዬ ነዋ። እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ።

አስናቀ፦ ጠፋሁ!

ክንዱ፦ (ቆርቆሮውን ፈልቀቅ አድርጎ እያየ) ኧረ ደግ ነገር አለ ጋሼ! ጉማሬው ሄዷል። መንገዱ ባዶ ነው፣ አንድ ሰው የለበትም።

አስናቀ፦ (የሕዝቡን ዓይን ጀርባው ላይ እየቆጠረ) ዝጋው። በእናትህ ዝጋው።

(የበዓሉ አስተባባሪ ካድሬ ጓድ ዳኘው በካኪ ኮቱ እየተንደረደረ ይመጣል። የመዝጊያ ንግግሩ በእጁ ነው። ገሚሱን ለባዶ ወንበር አንብቦታል።)

ዳኘው፦ ይኸ ምንድን ነው? እኔ ለወንበር ነው ንግግር የማደርገው? ይህን ያልተፈቀደ ስብሰባ የጠራ ማነው?

(ሁሉም ጣት ወደ አስናቀ ይዘረጋል። የክንዱም።)

አስናቀ፦ እኔ... ጓድ... ተራ እያስከበርሁ ነው።

ዳኘው፦ የምን ተራ?

መዲና፦ የስኳር ነዋ!

(ጓድ ዳኘው ንግግሩን አጥፎ ኪሱ ይከታል። ወደ አስናቀ ጆሮ ጠጋ ይላል።)

ዳኘው፦ ስንት ስንት ኪሎ ነው?

መዲና፦ ሁለት ሁለት። ከሳሙና ጋር።

ዳኘው፦ (ድምፁን ከፍ አድርጎ) ጓዶች! ተራችሁን እንደያዛችሁ ቆዩ! የነቃ ሕዝብ ማለት እንዲህ ነው! (ዝቅ አድርጎ) እኔ ስንተኛ ልሁን?

አስናቀ፦ እንደወደዱ፣ ጓድ።

ዳኘው፦ ከአንተ ቀጥሎ እቆማለሁ። ሊቀመንበር መቅደም ደግ አይደለም።

(አስናቀ እውነቱን ሊናገር አፉን ይከፍታል። ሰልፉን አሻግሮ ያያል። የለም ቢል ሰወረው ሊሉት ነው፤ አለ ቢል አምጣ ሊሉት ነው። አፉን መልሶ ይዘጋል። በዚህ መሐል አንዲት ሴት ሰው እየገፋች ትመጣለች። ጽጌ ናት።)

ጽጌ፦ አስናቀ!

አስናቀ፦ ጽጌ? ምን ልሁን ብለሽ መጣሽ? ሰዓት እላፊ ገና ነው እኮ! ልመጣ ነበር፣ በሞትሁት...

ጽጌ፦ ሹም አቦ ወሬው ደርሶ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። «ባልሽ ስኳር ያድላል» አሉኝ። እኔም አላመንሁ፣ እማየም አላመነች። ዘንቢሏን ይዛ መጣች እንጂ አላመነችም።

ክንዱ፦ እማየ የት አለች?

ጽጌ፦ ከኋላ ናት። «የሊቀመንበሩ አማት ነኝ» እያለች ሰውን ሁሉ ታልፋለች። (ዓይኗ እንባ ያቀራል) አስናቀ፣ ይቅር በለኝ። አውቃለሁ አውቃለሁ ስትል የምትለፈልፍ ብቻ ትመስለኝ ነበር። ልጆቹ ሻይ በጨው መጠጣት ከጀመሩ ስንት ጊዜያቸው ነው! ዛሬ ገና ባል እንዳለኝ አየሁ።

(አስናቀ ደስ ይለዋል። ከተጋቡ ወዲህ ይህን ቃል ካፏ ሰምቶ አያውቅም። ወዲያው ደግሞ የተመሰገነበት ስኳር እንደሌለ ትዝ ይለዋል።)

አስናቀ፦ ደቁስ? ጀልባውስ ቀረ?

ጽጌ፦ የምን ደቅ? ስኳሩን ይዘህ ከገባህ እማየ ብቻዋን ትሄዳለች።

አስናቀ፦ ሰዓት እላፊ ቢይዘኝስ?

ጽጌ፦ ጓድ እዚህ ቆመው ማን ይይዝሃል? እስኪነጋም ቢሆን ቁም፤ ዛሬ አልቆጣህም። ባዶ እጅህን ግን እንዳትመጣ። ሰፈር ሙሉ ሰምቶ፣ እማየን አሰልፈህ፣ ባዶ እጅህን በሬን ብታንኳኳ፣ ያን ጊዜ የተጠቀለለውን ልብሴን አልፈታውም። ና ክንዱ፣ እማየን ይዘን በባዶው አውቶቡስ እንግባ። የእኛን ድርሻ እሱ ይዞ ይመጣል።

(የያዘችውን ዘንቢል አስናቀ ክንድ ላይ አንጠልጥላ ትሄዳለች። ክንዱ ሊከተላት ይነሣና አንድ ነገር ከንክኖት ይመለሳል።)

ክንዱ፦ ጋሼ፣ እንደሚያውቁኝ ነገር ቶሎ አይገባኝም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት?

አስናቀ፦ ጠይቅ።

ክንዱ፦ ይኸን ስኳር የሚያመጣው ማነው?

(ሰልፉ ሁሉ ወደ አስናቀ ይዞራል። አስናቀ ባዶውን ዘንቢል ያያል።)

ዳኘው፦ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሊቀመንበሩ ነዋ!

መዲና፦ እሱ ነዋ! ታዲያ ለምን መረጥነው?

ክንዱ፦ ኧረግ! (በቅን ልቡና ወደ አስናቀ ዞሮ) ታዲያ ጋሼ፣ ሰው ሁሉ እርስዎን እየጠበቀ፣ እርስዎ ቆመው የሚጠብቁት ማንን ነው?