የየትኛው ኒኮላ እህት?

[ሶፊያ። የቅዱስ ኒኮላ ቀን፣ ኒኮላ የሚባል ሁሉ ዓሣ ጋግሮ የስሙን ቀን የሚያከብርበት፤ ቀትር ላይ። ጉሙ ከተማውን ውጦታል። ከሰሜን ገጠር የመጡ ሁለት የአጎት ልጆች ከአንድ ረጅም ፎቅ ቤት ሥር ቆመው ይጨቃጨቃሉ። ታላቁ ሜቶዲ ነው፤ ላጤ፣ በወጣትነቱ በሶፊያ ወታደር የነበረ፣ ምላሱ የማያርፍ። ታናሹ ጌንቾ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ፍየል አርቢ፣ ነገር ቀስ ብሎ የሚገባው። የያዙት አበባ ነው ያጣላቸው።]

ሜቶዲ፦ ስድስት አበባ ይዘህ ሰው ቤት ልትገባ? ቁጥሩ ለሁለት የሚካፈል አበባ ለመቃብር ነው። ሴትዮዋን ልታገባት ነው ወይስ ልትቀብራት?

ጌንቾ፦ ስንገዛው ሰባት ነበር።

ሜቶዲ፦ ሰባተኛው የታለ?

ጌንቾ፦ አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጥክበት።

ሜቶዲ፦ እኔ? ... እሺ፣ እሱ አለፈ። አሁን አንዱን ጣልና አምስት ይሁን።

ጌንቾ፦ የትኛውን?

ሜቶዲ፦ ማንኛውንም።

ጌንቾ፦ ሁሉም ደህና ናቸው እኮ ጋሼ። ያሳዝናሉ።

ሜቶዲ፦ አምጣ ወዲህ። [አንዱን ነጥቆ የራሱ ኮት ላይ ይሰካዋል።] ይኸው። የቀረውንም እኔ እይዘዋለሁ። አንተ ስትይዘው ጎመን የተሸከምክ ነው የምትመስለው።

ጌንቾ፦ ሙሽራው ግን እኔ አይደለሁም እንዴ?

ሜቶዲ፦ ገና ሳንጠይቅ ሙሽራ ሆነ። ሽማግሌ ሆኜ የመጣሁት እኔ፣ ተናጋሪው እኔ፣ አበባውን የምይዘው እኔ። ያንተ ሥራ መታየት ብቻ ነው። እሱንም ብዙ አትታይ።

ጌንቾ፦ እሺ። ቤቱ ግን ይኼ ነው?

ሜቶዲ፦ ራድካ ወይን ለቀማው ላይ ስትለያዩ ምን ነበር ያለችህ? ድገምልኝ።

ጌንቾ፦ "ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ረጅሙ ፎቅ። መግቢያው ሁለት ነው፤ እኛ በተራራው በኩል ባለው ነን፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወንድሜ ኒኮላ" አለችኝ። "በስሙ ቀን እዚያ ነኝ። ከመጣህ መጣህ፤ ካልመጣህ ሐሳብህን ለውጠሃል ብዬ ቫርና ከተማ ልጄ ጋ እሄዳለሁ" አለች።

ሜቶዲ፦ በቃ፣ ይኼው። በተራራው በኩል ያለው መግቢያ ይኼ ነው።

ጌንቾ፦ ተራራው የታለ?

ሜቶዲ፦ ፊትህ ነዋ። በወታደርነቴ እዚህ ከተማ አንድ ቀን ጠፍቼ አላውቅም። ለምን? የቪቶሻን ተራራ እያየሁ ስለምሄድ። ቪቶሻን ያየ ሰው ሶፊያ ውስጥ አይጠፋም።

ጌንቾ፦ ፊቴ ያለው ጉም ነው።

ሜቶዲ፦ ከጉሙ ኋላ ነው የምልህ። ተራራ ጉም በመጣ ቁጥር ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል እንዴ?

ጌንቾ፦ ጠዋትም እንዲህ ስትለኝ ነው ሦስቴ እዚያው ፍል ውሃው ጋ የተመለስነው። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች በመጨረሻ በስማችን እየጠሩ ሰላም ማለት ጀምረው ነበር።

ሜቶዲ፦ እሱ ከተማውን ላሳይህ ብዬ ነው።

ጌንቾ፦ ከምድር ባቡሩ ጣቢያ ሥር ያለውን የሮማ ፍርስራሽም ሁለቴ አሳየኸኝ።

ሜቶዲ፦ ታሪክ ባንዴ ይጠገባል እንዴ? ከሥር ሮማ፣ ከሮማ ላይ ቱርክ፣ ከቱርክ ላይ ኮሙኒስት፣ ከሁሉም በላይ ቢራ ቤት። እንግሊዞቹ በርካሽ አውሮፕላን እየተሳፈሩ የሚጎርፉት ለምን መሰለህ?

ጌንቾ፦ እነሱም እኮ ሲዞሩ አይቻቸዋለሁ። ጠፍተው ይሆናል። ጋሼ፣ እዚያች ከውሻዋ ጋር ያለችውን ሴትዮ ልጠይቃት?

ሜቶዲ፦ አርፈህ ቁም። ሚስት ሊጠይቅ የመጣ ወንድ መንገድ አይጠይቅም።

ጌንቾ፦ ለራድካ ልደውልላት እንግዲያው።

ሜቶዲ፦ "ቤታችሁ ጠፋኝ" ብለህ? ዛሬውኑ ቫርና ትገባልሃለች። ና፣ ተከተለኝ።

[ሦስተኛ ፎቅ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የተጋገረ ዓሣ ይሸታል፤ ከውስጥ የሰው ጫጫታ ይሰማል።]

ሜቶዲ፦ [አንገቱን አስግጎ] ኒኮላ እዚህ ነው?

[ከውስጥ፦ "ግቡ፣ ግቡ! ጫማችሁን እዚያው!"]

ሜቶዲ፦ ሰማህ? ኒኮላ እዚህ ነው።

ጌንቾ፦ ዛሬ ኒኮላ የሌለበት ቤት የት አለና?

ሜቶዲ፦ ነገር አታብዛ። በስም ቀን ማን ማንን ይጠራል? በር ይከፈታል፣ የወደደ ይገባል። ጫማህን አውልቅ። ... አንተ ሰው፣ ካልሲህ ለምን ሁለት ዓይነት ሆነ?

ጌንቾ፦ በጨለማ ነው የቀሰቀስከኝ።

[ሳሎን። ሌሎቹ እንግዶች በልተው ተሰናብተዋል። ባለቤቶቹ ወጥ ቤት ገብተዋል። ሁለቱ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ከግማሽ ዓሣ ፊት ለብቻቸው ተቀምጠዋል።]

ጌንቾ፦ [በሹክሹክታ] ጋሼ፣ ራድካ የለችም።

ሜቶዲ፦ ወጥ ቤት ናት። ዛሬ ሽማግሌ የሚመጣባት ሴት መጥታ ፊትህ ትገተርልህ? ብላ።

ጌንቾ፦ ወንድሟ የትራም ሹፌር ነው ብላኝ ነበር። ይኼ ሰውዬ ግን ገና ሳልቀመጥ "አፍህን ክፈት" አለኝ።

ሜቶዲ፦ ከፈትክ?

ጌንቾ፦ ሰው ቤት አይደል? ከፈትኩ። "ከታች ያለችው መነቀል አለባት" አለኝ።

ሜቶዲ፦ ታዲያ ምን ይገርማል? የትራም ሹፌር ነው። በመስታወቱ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያዛጋ እያየ ስለ ጥርስ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?

ጌንቾ፦ ሚስቱ ደግሞ "ሥራ እንዴት ነው?" አለችኝ።

ሜቶዲ፦ ምን አልካት?

ጌንቾ፦ "ሁለቱ ወልደዋል" አልኳት።

ሜቶዲ፦ ፍየሎቹ መሆናቸውን ነገርካት?

ጌንቾ፦ አልጠየቀችኝም። ዝም ብላ ዓሣ ጨመረችልኝ።

ሜቶዲ፦ ወደደችህ ማለት ነው። አሁን እዚያ ግድግዳ ላይ ያለውን ሽማግሌ ተመልከት። ጢሙን ተወውና ዓይኑን እይ። አንተ እንደነገርከኝ ከሆነ ራድካን አይመስልም? አባቷ መሆን አለበት።

ጌንቾ፦ ቅዱስ ኒኮላ ነው ጋሼ። ሻማ በርቶለታል እኮ።

ሜቶዲ፦ [ዓይኑን አጥብቦ] ... እንግዲህ ደህና ቤተሰብ ናቸው ማለት ነው።

ጌንቾ፦ ልቤ ፈራ። ሞቀኝም። በረንዳው ላይ ትንሽ ልቁም።

ሜቶዲ፦ ቁም፣ ቁም። ባትኖር ይሻለኛል። ስትመለስ ያለቀ ነገር ታገኛለህ።

ጌንቾ፦ ጋሼ፣ አደራህን በደንብ ንገርልኝ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ቁርስ መብላት ያማረኝ ራድካን ካየሁ በኋላ ነው። እሷ ከሄደች ሌላ አልፈልግም።

ሜቶዲ፦ ውጣ ብዬሃለሁ። እንዳታስለቅሰኝ፤ ንግግር አለብኝ።

[ጌንቾ ወደ በረንዳው ይወጣል። ሜቶዲ ፀጉሩን በምራቁ አስተኝቶ፣ አበባውን ይዞ ወጥ ቤት ይገባል። ረጅም ንግግር ይሰማል። የሴት ሳቅ። አሁንም ረጅም ንግግር። የብርጭቆ ድምፅ። ከዚያ ሜቶዲ ከወጥ ቤት፣ ጌንቾ ከበረንዳ እኩል ወደ ሳሎን ይመለሳሉ።]

ሜቶዲ፦ አለቀ።

ጌንቾ፦ እኔም እኮ ጋሼ...

ሜቶዲ፦ አታቋርጠኝ። ወንድሟን "እህትህን ልንጠይቅ ነው የመጣነው" አልኩት። መጀመሪያ ደነገጠ። ቀጥሎ "እህቴ ይችው፣ ራሷን ጠይቃት" አለኝ። ጠየቅኋት። ቀላች። "ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር፤ ዛሬ ሳቅሁ፤ እስኪ እንተዋወቅ" አለች ቬሊካ።

ጌንቾ፦ ቬሊካ ማን ናት?

ሜቶዲ፦ ራድካ ናታ። የከተማ ሰው የቤት ስም አለው።

ጌንቾ፦ ምን ዓይነት ናት?

ሜቶዲ፦ ረጅም፣ መነጽር ያላት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ደግ ፊት ነው ያላት፣ አትሳሳት።

ጌንቾ፦ ራድካ እኮ መነጽር የላትም።

ሜቶዲ፦ ከወይን ለቀማው ወዲህ ዓይኗ ደክሞ ይሆናል።

ጌንቾ፦ ቁመቷም ከትከሻዬ በታች ነው።

ሜቶዲ፦ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋ ነዋ።

ጌንቾ፦ ሁላችንም ነጠላ ጫማ ነው ያደረግነው።

[ሜቶዲ ጎንበስ ብሎ የራሱን ነጠላ ጫማ ያያል።]

ጌንቾ፦ ና እስኪ ወደ መስኮቱ። ጉሙ ተገልጧል። ተራራው በየት በኩል ነው?

ሜቶዲ፦ [ያያል። አንገቱን አጣምሞ ደግሞ ያያል።] ... በዚያኛው መግቢያ በኩል።

ጌንቾ፦ እዚያው ነው የነበረው ጋሼ።

ሜቶዲ፦ [ወንበር ላይ ይወድቃል።] የማንን ዓሣ ነው ታዲያ የበላነው?

ጌንቾ፦ የሌላ ኒኮላ።

ሜቶዲ፦ ወይኔ! ራድካ ደግሞ እዚያ ሆና ሰዓት እያየች ነው። ዛሬ ማታ ቫርና ትሄድልሃለች። እኔ ነኝ ገደል የከተትኩህ። ባልመጣ ይሻልህ ነበር።

ጌንቾ፦ ራድካማ አልሄደችም። በዚያኛው መግቢያ በኩል ባለው በረንዳ ላይ ናት።

ሜቶዲ፦ ምን?

ጌንቾ፦ ልነግርህ ስል "አታቋርጠኝ" አልከኝ። የክረምት ጎመን የሚቦካበትን በርሜል ልትከፍት ወጥታ አየችኝ። "እዚያ ሰው ቤት ምን ትሠራለህ?" አለችኝ። "አንቺን ልጠይቅ መጥቼ" አልኳት። "ታዲያ ጠይቀኛ" አለች። ጠየቅኋት። ወንድሟን ጠራችው። "ጌንቾ አንተ ነህ?" አለኝ፣ "እኔ ነኝ" አልኩት። "ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ና" አለ።

ሜቶዲ፦ ሌላ ምንም አልተናገርክም?

ጌንቾ፦ ሌላ ምን አለ?

ሜቶዲ፦ [አሰብ አድርጎ] ቆይ፣ ቆይ። አንተ ራድካን ካገኘህ፣ ቬሊካ የታጨችው ለማን ነው?

ጌንቾ፦ ለማን ጠየቅካት?

ሜቶዲ፦ ላንተ ነዋ።

ጌንቾ፦ ስሜን ጠርተሃል?

ሜቶዲ፦ አልጠራሁም። "ይኼ ፊታችሁ የቆመው ሰው" ነው ያልኩት።

ጌንቾ፦ እኔ በረንዳ ላይ ነበርኩ።

ሜቶዲ፦ [ወደ በረንዳው፣ ቀጥሎ ወደ ወጥ ቤቱ ያያል።]

ጌንቾ፦ ሌላስ ምን አልክ?

ሜቶዲ፦ "አገሩን በዚህ ከተማ በወታደርነት ያገለገለ፣ ሶፊያን አብጠርጥሮ የሚያውቅ፣ ጨዋታ አዋቂ" አልኩ።

ጌንቾ፦ እሱ እኮ አንተ ነህ።

ሜቶዲ፦ ምን ላድርግ፤ ሰው ላመሰግን ስል ሌላ ሰው ትዝ አይለኝም።

ጌንቾ፦ አበባውን ማን ሰጣት?

ሜቶዲ፦ እኔ። [ኮቱ ላይ ያለውን አበባ በእጁ ይሸፍናል።] ጌንቾ፣ ወንድሜ፣ ግባና ንገራቸው። ስህተት ነው በላቸው። እኔ እዚያ ፊት ዳግመኛ አልቆምም።

[ጌንቾ ይገባል። ከወጥ ቤት ሳቅ ይፈነዳል። ይመለሳል።]

ሜቶዲ፦ ፖሊስ ጠሩ?

ጌንቾ፦ ሳቁ እንጂ። ኒኮላ የሚስቱ ዘመዶች መስለነው ነው። ሚስቱ ደግሞ ከባሏ የጥርስ ሕክምና ቤት የመጣን መስሏት፣ ሥራ ቦታ ማን እንደወለደ ስታስብ ነበር። "ማን ናችሁ?" ማለት በስም ቀን ነውር ሆኖባቸው ዝም አሉ።

ሜቶዲ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። እሷም ሳቀች?

ጌንቾ፦ እሷ አልሳቀችም። ለአበባው ውሃ ቀድታ ነበር። "ታዲያ ለእኔ አልነበረም?" አለችና ውሃውን መልሳ ደፋችው።

[ሜቶዲ ወደ ወጥ ቤቱ በር እያየ ኮቱ ላይ ያለውን አበባ ይነካካል። ጌንቾ እንዲህ ሆኖ አይቶት ስለማያውቅ ይጠጋዋል።]

ጌንቾ፦ አመመህ እንዴ? በል ተነስ፣ እነ ራድካ እየጠበቁን ነው።

ሜቶዲ፦ ውሃውን ደፋችው?

ጌንቾ፦ ደፋችው።

ሜቶዲ፦ ... ተመለስና ንገራት።

ጌንቾ፦ ምን ብዬ?

ሜቶዲ፦ ለአንቺ ነው በላት።

ጌንቾ፦ አንተው ንገራታ።

ሜቶዲ፦ አልችልም። አፌ ደርቋል። ለሌላ ሰው ሲሆን ነው ቃሉ የሚመጣልኝ። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ለራሴ ምን ብዬ ልናገር? ጌንቾ፣ ሽማግሌ ሁነኝ።

[ጌንቾ ሱሪውን ከፍ አድርጎ ይገባል። ወዲያው ይመለሳል።]

ጌንቾ፦ እሺ ብላለች።

ሜቶዲ፦ እንዲህ ቶሎ? ምንም ሳትጠይቅ?

ጌንቾ፦ አንድ ነገር ጠይቃኛለች። "ሰውዬው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያወራው?" አለችኝ።

ሜቶዲ፦ ምን አልካት?

ጌንቾ፦ "ኧረ በጭራሽ፤ ዛሬ ሰው ቤት ስለሆነ አፍሮ አሳጥሮ ነው" አልኳት።