ወንዙን መንገድ ያደረገው ኮምፒውተር

ኮምፒውተር አይዋሽም የሚላችሁን ሰው አትመኑት። ይዋሻል፤ ያውም በቀለም አሳምሮ። ሰው ሲዋሽ የራሱ ፊት ይቀላል፤ ኮምፒውተር ሲዋሽ ግን የሚቀላው የእናንተ ፊት ነው። ይህን የምላችሁ በሰፈራው ዘመን አሶሳ ላይ ካርታ ነዳፊ ሳለሁ ደርሶብኝ ነው።

ለቢሯችን አንድ ኮምፒውተር ተላከ። ከእሱ ጋር አልማዝ የምትባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣች። አለቃችን ጓድ በላይነህ ማሽኑን ባዩ ዕለት የወረቀት ካርታ አበቃለት ብለው የቀለም እርሳሶቼን ሰበሰቡብኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ተረት ለእሳቸው የተነገረ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሊጎበኙን ነበርና የሰፈራ መንደሮቹ ካርታ በስክሪኑ ላይ ይታይ፣ ጥግ ላይም ሰንደቅ ዓላማችን ይሳል ብለው አዘዙ።

የጉብኝቱ ቀን የምንጠይቀው ነገር ነበረን። ከወሎ የመጣው ሰፋሪ ይመር ያለበት መንደር መንገድ የለውም፤ ሚስቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ክረምት ሳይገባ መንገድ የሚከፍት ዶዘር እንዲፈቀድልን ልንለምን ነው።

ካርታውን ጨርሰን አለቃችንን ጠራናቸው። ጫካው ውሃ ሰማያዊ፣ መንገዱ ሮዝ፣ ሰንደቅ ዓላማው ደግሞ... እንዳትስቁ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ነጭና ሮዝ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ጓድ በላይነህ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ይሄ የማን አገር ነው?» አሉ።

በዚያ ዘመን የሚያስፈራው ድምፅ ዝቅ ሲል ነው።

አልማዝ ረጋ ብላ አስረዳች። ማሽኑ ውስጥ ያለው፣ ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚልከው ካርድ ቀለም የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚይዘው ቁጥር ነው። የማስታወስ አቅሙ ጠባብ ስለሆነ ለእያንዳንዷ ነጥብ ከዜሮ እስከ ሦስት ካሉት አንዱን ብቻ ይሰጣታል። ቁጥሮቹ ደግሞ የሚቀያይሩት ሁለት ዓይነት የቀለም ልብስ አላቸው። ይህን ብላ አንዲት ትእዛዝ ስትጽፍ ጫካው አረንጓዴ፣ ሰንደቁም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሆነ። የአለቃችን ትንፋሽ ተመለሰ።

ሰማያዊ ግን የለም። ወንዙስ? ጓድ በላይነህ ብዙም ሳያስቡ ቀይ ይሁን አሉ። መንገዱም ቀይ ነበር። በዚያ ዘመን ቀይ አበዛህ ተብሎ የተከሰሰ ሰው አላየሁምና ማናችንም አልተከራከርን።

ባለሥልጣኑ መጡ። የዶዘር ጥያቄያችንን ሰምተው ካርታውን ቢያዩ ቀዩ መስመር ይመር መንደር ድረስ ይሄዳል፤ ደስ አላቸው።

«መንገዱ እንዲህ ተዳርሶ ዶዘር ምን ያደርግላችኋል? ለሌላ ቦታ እልከዋለሁ» አሉ።

እኔ ጓድ በላይነህን አየሁ፤ እሳቸው ጣሪያውን አዩ። መንገድ አይደለም ቢሉ ካርታቸው ተሳሳተ፤ ዝም ቢሉ ዶዘሩ ቀረ። በሰፋሪዎች ተወካይነት የተጠራው ይመር ግን ጣሪያ የሚያይበት ጊዜ አልነበረውም።

«ኧረ ጌታው፣ ይሄማ ወንዝ ነው» አለ። «አምና ክረምት ከነዶሮዬ ሊወስደኝ ነበር።»

ባለሥልጣኑ አልማዝን ወንዙን ከመንገዱ ለይተሽ አሳዪኝ አሏት። አልቻለችም። ካርዱ ውስጥ ሁለቱም ቁጥር ሁለት ሆነዋል፤ አንዴ ከተደባለቁ ወዲያ የትኛው ወንዝ፣ የትኛው መንገድ እንደነበረ ማሽኑም አያውቅም። ቀለሙ ልብስ ብቻ መሆኑን ላሳይ ብላ ልብሱን ቀየረችው። ሰንደቅ ዓላማው በባለሥልጣኑ ፊት ውሃ ሰማያዊ፣ ነጭና ሮዝ ሆነ።

እኔ በልቤ ለእናቴ የስንብት ደብዳቤ ጀምሬ ነበር። ባለሥልጣኑ ግን ባርኔጣቸውን አንስተው መኪና ይቅረብ፣ በዓይኔ ልየው አሉ።

ሹፌራችን አብዱራሂም የዚያው አገር ሰው፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ አገሩን እንደ መዳፉ ያውቀዋል። ወንዙ ዳር ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ። ለምን ቆምክ ቢሉት፣

«መንገድ እዚህ አለቀ። መኪና ዋና አያውቅም» አላቸው።

ባለሥልጣኑ ወርደው ትንሽ ገቡበት፤ ቦት ጫማቸው ውሃ ሞልቶ ተመለሱ። ዶዘሩን እዚያው ፈቀዱ። ስለ ሰንደቁ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እርጥብ ካልሲ ስንቱን ያስረሳል! ጓድ በላይነህም በማግስቱ የቀለም እርሳሶቼን መለሱልኝ።

መንገዱ በወንዙ ዳር ዳር ከክረምት በፊት ተከፈተ። የይመር ሚስት ምጥ ሲይዛት አብዱራሂም በዚያው መንገድ ሆስፒታል አደረሳት፤ ሴት ልጅም በሰላም ተገላገለች። ስሟን ቀለሟ አሏት። ልጠይቃቸው የሄድኩ ቀን፣ ስሙን ያወጡት ከዚያ ካርታ የተነሳ እንደሆነ ይመርን ጠየቅሁት።

«እሱም አለበት» አለኝ ልጁን እንዳቀፈ። «ግን እዚህ መንደራችን ስሙ ቁጥር፣ ቤታችን ቁጥር፣ እህል ስንቀበልም የምንጠራው በቁጥር። እሷ እንኳ ቀለም ይኑራት ብዬ ነው።»