በጠራራ ፀሐይ ሰማይ ያጠቆርኩ ዕለት

ጓዶች፣ ዛሬ በገዛ ካሜራዬ ፍላሽ የሠራሁትን ጉድ ብነግራችሁ አታምኑኝም!

ሳቁብኝ፣ ፈቅጃለሁ። እስከ መሃል ድረስ ብቻ ግን። ከዚያ በኋላ እኔም አልሳቅኩም። ስሞቹን ቀይሬያለሁ፤ ባምባሲ ያላችሁ፣ ማናቸው እያላችሁ አትድከሙ።

አሶሳ ፎቶ ቤት እንዳለኝ ታውቃላችሁ። ሰሞኑን ኢንተርኔት ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁና ለከፈኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ ደጅ ላይ፣ በፍላሽ ማንሳት! ካሜራውን ታጨልሙታላችሁ፣ ሰማዩ ጥቁር ይላል፣ ፍላሹ ሰውየውን ብቻ ያበራዋል። ድራማቲክ! የፊልም ፖስተር በሉት።

ትናንት ደግሞ የባምባሲዋ ደንበኛዬ ዝናሽ ደወለችልኝ።

"አባዬ ሰኞ ለሕክምና አዲስ አበባ ይሄዳል። ነገ ባምባሲ መጥተሽ ሁላችንንም አንድ ላይ አንሺን" አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ካንሰር ነው። እሱ ግን ጨጓራ ነው የሚመስለው። ካወቀ አይሄድም። ሐኪሙ ደግሞ ቶሎ ከታከመ ተስፋ አለው ብሏል። አደራ!"

አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር! አፌን ሰፋሁት።

ካሜራዬን ማን ይስፋው?

የዝናሽ አባት ጋሽ አራጋው የተተኮሰ ኮታቸውን ለብሰው፣ ማንጎው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ሰው ናቸው፤ ማንጎውን ራሳቸው ናቸው የተከሉት። የፍላሹን ስታንድ ስዘረጋ፣ ንፋሱ ፍላሹ ላይ የሚገጠመውን ሶፍትቦክስ ሊወስደው ሲል፣ እኔ ማስደገፊያ ድንጋይ ፍለጋ ስሯሯጥ ዝም ብለው ያዩኛል።

"አንቺ ልጅ፣ ይቺ ፀሐይ አነሰችሽ?" ብለው ሳቁ።

"ጋሼ፣ ይሄ ዘመናዊ ነው!" አልኩ በኩራት። ኤዲያ!

ቷ! ቷ! ቷ!

ሰማዩ ጠቆረልኝ። ልጆቹ ዳር ዳር ላይ ጥላ ውስጥ ቀሩ። እሳቸው ብቻ መሃል ላይ ቦግ አሉ። ምን ልበላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚህ ያማረ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ደስታዬን መቻል አቃተኝ።

እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ስክሪኑን ለራሳቸው አሳየኋቸው።

ሳቃቸው ቆመ። አቅርበው አዩት፣ አርቀው አዩት።

"ይሄን አውቀዋለሁ" አሉ። "አምና ለወንድሜ ለቅሶ የሠራሽልን ነው።"

ውይ!

ልክ ናቸው እኮ። ፎቶ ቤቴ በምን የሚኖር ይመስላችኋል? በለቅሶ ፎቶ ነው! ከመታወቂያ ላይ ፊት ቆርጬ፣ ዙሪያውን አጥቁሬ፣ ፊቱን አብርቼ በትልቁ አትማለሁ። ከሬሳ ሳጥን ፊት የሚያዘውን። እጄ የለመደውን ሠራ፤ ቪዲዮውን ማመካኘት አልችልም።

"ኧረ ጋሼ፣ ይሄማ ለመታሰቢያ..." ብዬ ጀመርኩ።

ለመታሰቢያ!!! ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ባለቤታቸው እትዬ ደስታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቀጠቁ። ግን አመለጣቸው። ለቅሶ ነው፣ ሌላ ምንም ሊባል አይችልም።

ጋሽ አራጋው ወደ እሳቸው ዞሩ። "ደስታ፣ ሐኪሙ ምን አለ?"

እትዬ ደስታ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

"ዝናሽ?"

ዝናሽ እኔን አየችኝ። ማንም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

ጋሽ አራጋው ኮታቸውን አወለቁ። አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "እንዲያ ከሆነ አልሄድም" አሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ። "ከወሎ በግድ ጭነው አምጥተው እዚህ ጣሉኝ። አሁን ደግሞ እናንተ ጭናችሁ ሰው አገር ልትጥሉኝ ነው? ወንድሜም የተቀበረው እዚሁ ነው።"

"አባዬ፣ ተስፋ አለው ተብሏል እኮ!" አለች ዝናሽ እያለቀሰች።

"ቀድማችሁ ብትነግሩኝ አምናችሁ ነበር።"

እኔ ስታንዴን እየሰበሰብኩ ነው። ብሎኑ አልፈታ አለኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ" አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ድንጋይ ቢወረውሩብኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ አሶሳ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ እያለቀስኩ ነው የመጣሁት።

ቅድም ለዝናሽ መልእክት ላክሁላት። "ይቅር በይኝ። ፎቶዎቹን አንድ ሳላስቀር አጠፋቸዋለሁ" ብዬ።

መለሰችልኝ።

"እምቢ እንዳለ ነው። ፎቶውን እንዳታጠፊው፤ ያስፈልገናል።"

ድራማቲክ ነገር አማረኝ ስል አልነበር? ይኸው!

"እሺ" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?