ቡቺ አባ ምርኩዝ ስድሳ አራቱን ደረጃ እንደ ወረዱ

አቶ አክሊሉ በገርጂ ኮንዶሚኒየም በብሎክ አሥራ ሁለት ላይ ሊቀመንበር ሆነው በተሰየሙ በአራተኛው ዓመት፣ ውሃ ረቡዕና ዓርብ ብቻ በምትመጣበት ዘመን፣ በወርኃ ኅዳር በዕለተ እሑድ፣ የለሚ ኩራው ተወላጅ፣ ጽኑዐ ወገብ፣ ባለ አራት እግሩ ምሰሶ፣ ውሻው ቡቺ አባ ምርኩዝ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ምድር ዘመቱ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። እመቤታቸው ወይዘሪት ሩሃማ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ፣ በመድኃኒት የሚታገሥ እንጂ የማይለቅ ሕመም አለባት። አሠልጣኙ አብዲሳም ቡቺን ስምንት ወር አስተምሮ፣ እጀታ ያለው ቀበቶ ጀርባቸው ላይ አስታጥቆ ሰጥቷት ነበር፤ እርሳቸውም የወደቀ ቁልፍ እያነሡ፣ በር እየሳቡ፣ ደረጃ ላይ ክብደቷን እየተሸከሙ ብቻዋን መኖር አስችለዋት ሳለ፣ ሊቀመንበሩ በቴሌግራም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«የብሎካችን ነዋሪ ስማ! ደረጃ የሰው ነው፤ ውሻ ይውጣልን። እሑድ ስምንት ሰዓት ግቢ ውስጥ ድምፅ እንሰጣለን። የቀረ ሰው፣ ባለጉዳይም ቢሆን፣ እንደ ተስማማ ይቆጠራል!»

ሩሃማም ቡቺን ካጣች ቤቷን ዘግታ ሆሳዕና እናቷ ዘንድ ከመግባት በቀር መንገድ እንደሌላት ታውቅ ነበርና፣ ያበጠ ጉልበቷን በጨርቅ አስራ እጀታውን ጨበጠች። ወእምዝ ወረዱ። ከኋላቸውም ሀይሚ ዘሦስተኛ ፎቅ ከነጆሮ ማዳመጫዋ፣ ከቀን እንቅልፉ የተነሣው ኑሪ በሽርጡ፣ እሑድ ውሃ እንደማይመጣ እያወቁ ጀሪካናቸውን ያልለቀቁት ወይዘሮ አዝመራም ተከተሉ።

ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ፣ መነጽራቸውን ረስተው ሽቅብ ከሚወጡት ከሊቀመንበሩ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። እርሳቸውም ደንግጠው፣ የሀገሩ ሰው ውሻ ሲያይ እንደሚያደርገው፣ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ አሉ። ይህችን ጎንበስ የማያውቅ ውሻ በአዲስ አበባ የለም፤ ድንጋይ ይኑር አይኑር ሳያጣራ ይሸሻል። ቡቺ ደግሞ ድንጋይ በማይታጣበት በግንባታ ሰፈር ያደጉ ናቸው። የሩሃማ አንድ እግር ግን በአየር ላይ፣ ክብደቷም ሁሉ በእጀታው ላይ ነበር። ቡቺ ሲንቀጠቀጡ በመዳፏ ተሰማት፤ በአፍንጫቸው አለቀሱ፤ እውነትን መደበቅ ለጸሐፊ አይገባምና፣ ደረጃውንም ጥቂት አረጠቡ። እግሯ መሬት እስኪረግጥ ድረስ ግን አንዲት ጥፍር አላነቃነቁም።

ያን ጊዜ ወይዘሮ አዝመራ ከላይ ሆነው አወጁ፦ «ጋሽ አክሊሉ፣ ድንጋዩን ሲያገኙት ለእኛም ያሳዩን!»

ሊቀመንበሩም የጫማቸውን ክር ሊያስሩ እንደ ጎነበሱ ለሕዝቡ አሳወቁ፤ በእግራቸው ያለው ግን ነጠላ ጫማ ነበር።

በስምንት ሰዓት ግቢው ሁሉ ለቡቺ እጁን አወጣ። ሊቀመንበሩም የራሳቸውን ከሁሉ በኋላ አውጥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ቡቺ በደረጃችን ይውጣ፣ ይውረድ። ከእንግዲህ ማንም ደረጃ ላይ እንዳይጎነበስ፤ ክር የሚያስር ቤቱ አስሮ ይውጣ!»

ሳይፈራ የቆመ ጀግና ብዙ ነው፤ እየፈሩ የቆሙ ግን ቡቺ አባ ምርኩዝ ናቸው። ስማቸው በየፎቁ ይጠራ፣ ወገባቸው አይዛል፣ ጅራታቸው አይውረድ፣ አጥንትም ከደጃቸው አይጥፋ።